ብረትም ይጠግባል

ሪያድ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017

ለተከበሩ ጋሼ ዘመድኩን፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? ልጅዎ ዓለምወርቅ ደህና ናት? እኔና እማ አልሐምዱሊላህ ቆመን እንሄዳለን።

ኢስሃቅ ነኝ፤ የሳቢር ታናሽ ወንድም። ሳቢር ኮምቦልቻ ሱቅዎ ውስጥ ሬዲዮ መፍታት ሲማር እኔ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ብሎን እጠባ ነበር ይባላል። አላስታውሰውም። አሁን ረጅም ነኝ፤ አሥረኛ ክፍል ደርሻለሁ።

ለሳቢር የጻፉለትን የመጨረሻ ደብዳቤ ዓለምወርቅ ፎቶ አንስታ ልካው ኖሮ ስልኩ ላይ አገኘሁት። ሁለት ነገር ጠይቀውታል። ለመጀመሪያው መልስ አለኝ፤ አዎ፣ ሽቦው ተገኝቷል፣ አንድ ሙሉ ጥቅል፣ እንደ ማር የሚያበራ። ለምን እንደጠፋብዎት ለጠየቁት ግን እኔ አልመልስም። አክስቴ ፋይዛ ከሰዎች ጋር ሆና ቤትዎ ትመጣለች። መርዶ በወረቀት አይጻፍም፣ በስልክም አይነገርም ብላለች እማ። ስለዚህ ዓለምወርቅ ይህን ደብዳቤ የምትሰጥዎ እነሱ መጥተው ከሄዱ በኋላ ነው። እያነበቡት ከሆነ አውቀዋል ማለት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ስለ ብረቱ ልጻፍ።

ሳቢር ይሠራው የነበረው የቫልቭ አምፕሊፋየር፣ ድምፅ ማጉያው፣ አልቋል ማለት ይቻላል። ቫልቮቹን፣ እነዚያን የመስታወት ቱቦዎች፣ ከአሮጌ ሬዲዮ ነው ያወጣቸው፤ ትራንስፎርመሮቹን ሱለይ በሚባለው ሰፈር ይሠራበት በነበረው የሞተር ጥቅለላ ቤት ውስጥ ራሱ ጠቅልሏቸዋል። ድምፅ ማውጫውም ሣጥን ተሠርቶለታል። ከኋላ በኩል ብቻ አራት ቀዳዳ ያለበት ባዶ ቦታ አለ። ሹመይሲ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ “ቾክ ብቻ ነው የቀረኝ” አለኝ። እኔ በማግስቱ ከትምህርት ቤት አንድ ፓኬት ጠመኔ አመጣሁለት። ነጭ ብቻ እንዳይሆን ብዬ ባለ ቀለምም ጨምሬበት ነበር። ፓኬቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበትና ነርሷ ሮጣ መጣች። እማ ምን አድርገኸው ነው ብላ ተቆጣችኝ። እሱ ትንፋሹ ሲመለስለት “ተይው እማ፣ ልጁ ሊያስተምረኝ ነው የመጣው” አላት።

ከዚያ በኋላ ነው ቾክ ማለት በብረት ላይ የተጠቀለለ ሽቦ እንደሆነ የነገረኝ። ግን ግማሹን ብቻ ነግሮኝ ደከመው። ገበያ ሄጄ ቾክ ስጡኝ ብል የሸምበቆ መብራት ቾክ አውጥተው ሰጡኝ። እሱም ቾክ ነው ለካ፤ ይዤው መጥቻለሁ። ቾክ የሚባል ነገር ስንት ነው ጋሼ?

አሁን ችግሩን ልንገርዎ። ፈተናዬ ሲያልቅ ለሁልጊዜ ወደ ኮምቦልቻ እንመለሳለን። ከፊላችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን ዋስ የሆነው ሰውዬ፣ ኹሩጅ ሊያስመታልን፣ የመውጫ ቪዛችንን ማለት ነው፣ ተስማምቷል። እማ ብረቱን አታየውም። “ልጄን የበላው እሱ ነው” ትላለች፤ ከመሄዳችን በፊት ለብረት ሰብሳቢ ልትሰጠው ወስናለች። አልከራከራትም። ግን ከዚያ በፊት አንዴ ድምፅ እንዲያወጣ እፈልጋለሁ። ቾኩን እንዴት እንደምጠቀልል ያስተምሩኝ።

አክባሪዎ ኢስሃቅ


ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017

ልጄ ኢስሃቅ፣

ሰላምታዬን ከየት እንደምጀምረው አላውቅምና ሰላም ሁን ብቻ ልበልህ። ለእናትህ ለወይዘሮ ዙቤዳ አላህ ያጽናሽ በልልኝ። እኔ ብጽፍላት ይሻላል ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

አክስትህ ፋይዛ ጨዋ ሰው ናት። ወሬውን ይዛ ከርማለች፤ ጾሜን እንድፈታ፣ ፋሲካን ደስ ብሎኝ እንድውል ብላ ጠብቃኝ ኖሯል። እሷ ከፊት፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላ ሆነው ማለዳ በሬ ላይ ሲቆሙ ማን እንደሆነ ብቻ ነው የጠየቅኋቸው። ሳቢር ሱቄ ሲገባ ፂም አልነበረውም። አላህ ጀነት ይስጠው።

የጠየቅኸኝን ግን አላደርገውም። ያ ሣጥን ውስጥ ያለው ኃይል እንደ መብራት አምፖል ኃይል አይደለም። ከግድግዳው ብትነቅለውም አይሞትም፤ ካፓሲተሮቹ ውስጥ ተጠራቅሞ፣ አድፍጦ፣ ጣትህን ይጠብቃል። የአንዲት እናት ሁለተኛ ልጅ በእኔ ደብዳቤ ምክንያት እንዲነካው አልፈልግም። ደግሞስ ጥላችሁት ለምትሄዱት ብረት ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ለፈተናህ አጥና። ስትመጣ ሱቄ ክፍት ነው።

ዘመድኩን


ሪያድ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017

ለተከበሩ ጋሼ ዘመድኩን፣

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። እማ ሰላምታዎን ሰምታ አለቀሰች፣ ከዚያ ዓለምወርቅ አገባች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ይላኩልኝ፤ ጥሩ ምልክት ነው፣ ስለ ሰው ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው።

እንቢ ማለትዎ ገብቶኛል። ግን ሦስት ነገር ልንገርዎና ከዚያ እንደገና እንቢ ይበሉኝ።

አንደኛ፣ ብቻዬን አልነካውም። ሙራድ አለ። ሙራድ ማለት ሱለይ ውስጥ ከሳቢር ጎን ተቀምጦ ሞተር የሚጠቀልለው የጅማ ልጅ ነው። ሳቢር ታጥቦ ሲገነዝ እዚያ የነበረው እሱ ነው፤ እኔን አላስገቡኝም። ሶኬት የሚሰካውም የሚነቅለውም እሱ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ኃይሉ በደረት እንዳያልፍ አንዱን እጅ ኪስ ውስጥ ማድረግን አውቃለሁ። ካፓሲተሩን በሬዚስተር አፍስሶ፣ በመለኪያ ዜሮ መሆኑን አይቶ መንካትንም አውቃለሁ። እነዚህን ለሳቢር ያስተማሩት እርስዎ ነዎት፣ ለእኔም ያስተማረኝ እሱ ነው። ስለዚህ አስቀድመው አስተምረውኛል።

ሦስተኛው፣ ጥለነው ለምንሄደው ብረት ለምን እንደምደክም ጠይቀዋል። ጋሼ፣ እማ መንዙማ በስልክ ስትሰማ ሁልጊዜ “ትንኝ ነው የሚዘፍንልኝ” ትል ነበር። ሳቢር ቆይ እማ፣ ትልቁን አሰማሻለሁ ይላታል። እሷ የሱ ጨዋታ ይመስላት ነበር። ለሷ የጀመረው መሆኑን አታውቅም። ሳቢርን እዚሁ ቀብረነው ነው የምንሄደው። የሚወሰድ ነገር የለንም። ድምፁን እንኳ ጆሮዋ ይዞት ቢሄድ ብዬ ነው።

በሌላ ወረቀት አንድ ጥያቄ ለብቻው ጽፌ ዓለምወርቅ ሳታነበው እንድትሰጥዎ ለምኛታለሁ። እሱን እማ በማታይበት መንገድ ይመልሱልኝ።

አክባሪዎ ኢስሃቅ

ሌላ፦ አንድ ነገር ልደብቅዎት አልችልም። ትናንት የፊዚክስ መጽሐፌ ውስጥ ቾክን አገኘሁት። ሙሉ ገጽ አለው። አስተማሪያችን “ፈተና ላይ አይመጣም” ብለው ዘለሉት። ገጹን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።


ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017

ልጄ ኢስሃቅ፣

ዓለምወርቅ አላገባችም። ሳነሳባት፣ እኔ ካገባሁ አባቴን ማን ይጠብቃል ብላ ትጮህብኛለች። ለእናትህ ይህንኑ ንገርልኝ።

አሸንፈኸኛል። ወንድምህም እንዲህ ነበር፤ እንቢ ስለው ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ግን ሁሉም ነገር ሙራድ ባለበት፣ በቀን፣ ጫማ አድርጋችሁ ይሁን።

አሁን ስማኝ። ኤሌክትሪኩ ከቫልቩ ሲወጣ እየዘለለ ነው የሚመጣው፣ እንደ ጥጃ። ያ ዝላይ ድምፅ ማውጫው ውስጥ ከገባ ጉምጉምታ ይሆናል። ቾክ ማለት መንገዱ ላይ የተቀመጠ ለውጥ የማይወድ ሽማግሌ ነው። ሲቸኩል የመጣውን “ቀስ በል” ይለዋል፤ የሰነፈውን ከኋላ ይገፋዋል። እሱን አልፎ የሚወጣው እንደ ቦርከና ውሃ በበጋ ነው፣ እርጋታ ብቻ።

ብረቱን ከተቃጠለ ትራንስፎርመር አውጡ፤ ሱለይ ውስጥ እንደ አፈር ነው። ሁለት ዓይነት ስስ ብረት ታገኛለህ፤ ሦስት ጥርስ ያለው ማበጠሪያና ቀጥ ያለው በትር። ሽቦው የመካከለኛውን ጥርስ ይከብባል። ሩብ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ሁለት ሺህ ዙር ያህል። ጥቂት ቢጎድል አትጨነቅ፣ ቢበዛም አያጣላንም። ሽቦውን አታጥብቀው፣ አታላላው፤ የሕፃን እጅ እንደያዝክ አድርገህ ያዘው። በመሃል ወረቀት አስገባ፤ ያለ ወረቀት እንዳትዘጋው። ከዚያ ቫርኒሽ ነክራችሁ አድርቁት፣ በር ከፍታችሁ።

ለብቻ ስለጠየቅኸኝ፤ ይህን ገጽ ለብቻህ አንብበው። ሳቢርን የገደለው የቫርኒሹ ጭስ ነው ወይ ብለሃል። ሐኪም አይደለሁም። ያንን ጭስ ዕድሜዬን ሙሉ አሽትቼዋለሁ፣ ይኸው አለሁ። ይህ ምንም አያረጋግጥም። ሳቢር ልጅ ሳለም ክረምት በገባ ቁጥር ደረቱ ያፍነው ነበር። ይህም ምንም አያረጋግጥም። ሐኪሞቹ ሳንባ ምች ካሉ እሱን ያዝ። ሰው የሞተበት ሲያዝን እጁ የደረሰበትን ነገር ይጨብጣል። እናትህ ብረቱን ጨብጣለች። አንተም የጨበጥከው ነገር እንዳለ ከደብዳቤህ አይቻለሁ። ጠመኔው ከሆነ፣ ልቀቀው። ያን ቀን ያሳቅከው አንተ ብቻ ነበርክ።

ለማን እንደጀመረው ለእናትህ አትንገራት። አሰማት።

ዘመድኩን


ሪያድ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017

ለተከበሩ ጋሼ ዘመድኩን፣

ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ነው፤ ይቅርታ፣ እጄ አልታዘዘኝም። ጠቅልለነዋል! ሁለት ሺህ አርባ ዙር!

ሰላምታዬን አሁን ልጨርስ። እንደምን አሉ? ዓለምወርቅስ? እማ ስለሷ የላኩትን መልስ ሰምታ፣ ሳቢር ካረፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ትናንት ጁምዓ ስለነበር የሙራድ መዓሊም፣ አለቃው ማለት ነው፣ ቁልፉን ሰጠው፤ ሱለይ ውስጥ ያለው ሁሉ ተዘግቶ የእኛ በር ብቻ ክፍት ነበር። ጋሼ፣ የሳቢር ወንበር ላይ ነው ያስቀመጠኝ። ቁመቱን ለራሱ አስተካክሎት ነበር፤ ጉልበቴ ጠረጴዛውን ይነካል። ሙራድ ዝቅ ላድርግልህ አለኝ፤ ተወው አልኩት።

የመጠቅለያው መዘውር ሲዞር ዙሩን የሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ አለው፣ ግን በመካከል ተበላሽቶብን እኛው ቆጠርን። እኔ በአማርኛ ስቆጥር ሙራድ በዐረብኛ ይቆጥራል፣ ሆን ብሎ እኔን ሊያሳስተኝ። ሳቢር ሲጠቀልል ምራቁን እንኳ አይውጥም ነበር፣ አንተ ግን ታወራለህ ብሎ ይሰድበኛል። ከዚያ ራሱ የሚያውቀውን ሁሉ ቀልድ ያወራልኛል። ሽቦው ሲሄድ ድምፅ አለው ጋሼ፣ ሐር ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት። አንድ ረድፍ ሲሞላ እንደ ተነጠፈ ወርቅ ነው፤ በላዩ ወረቀት አለብሼ ሌላውን እጀምራለሁ። ልክ እንዳሉኝ በየረድፉ መሃል ወረቀት አስገብቻለሁ። አንዴ ሽቦው ተበጥሶ ሙራድ ቀጠለልኝ፤ የተቀጠለበትን አሁን ብፈልግ አላገኘውም።

ብረቱን የገጠመው ሙራድ ነው። ማበጠሪያውን አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ እያፈራረቀ፣ እንደ ጥርስ አናክሶ በመዶሻ አጠበቀው። “መርፌ ካሳለፈ ስሜን ቀይረው” አለ። በእውነት መርፌ አያሳልፍም። በጣም ያምራል።

ደብዳቤውን እዚህ ልዘጋው ነበር። ግን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሙራድ ዑድ ሰፈር፣ እኛ ቤት መጥቶ፣ ቾኩን ቦታው ላይ አሠረውና ሰካነው። ቫልቮቹ ቀስ ብለው ቀሉ። ጋሼ፣ እንዴት እንደሚቀሉ! መንዙማውን ልከፍት ስልኬን አነሳሁ።

ጮኸ። መንዙማው ሳይሆን ጉምጉምታው። ወፍራም፣ የማያቋርጥ፣ ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ። መንዙማውን ስከፍትበት ከታች ሆኖ አብሮ ያጓራል። እማ ከውጭ ገብታ “ፍሪጁ ተበላሸ እንዴ?” አለች። ከዚያ ምን እንደሆነ አየች። ቆይታ ነው፣ ሙራድ ከሄደ በኋላ፣ “ኸላስ ልጄ፣ በቃ፣ ደክመሃል። ሳምንት ብረት ሰብሳቢው ይመጣል” ያለችኝ። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። ይህ ከማልቀሷ ይከፋል።

ሽቦውን ለካሁት፣ አልተቆረጠም። ሙራድ ቆጠራው ነው ብሎ በእኔ አማርኛ ያሳብባል። ምን አጠፋን?

ኢስሃቅ


ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017

ኢስሃቅ፣

ሰላም ለቤታችሁ። በችኮላ ነው የምጽፈው፣ ዓለምወርቅ ስልኳን ይዛ ቆማ ትጠብቃለች።

ቆጠራው አይደለም። ለሙራድ ከእኔ ይህን ንገረው፤ እጁ ጥሩ ነው፣ ሥራውም ንጹሕ ነው፤ የሠራው ግን ትራንስፎርመር ነው እንጂ ቾክ አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ቃል ነው። “በመሃል ወረቀት አስገባ” አልኩህ፤ የምን መሃል እንደሆነ አልነገርኩህም። አንተ የሽቦውን መሃል አነበብከው። እሱም ይገባል፣ ግን እኔ ሌላ መሃል ነበር በልቤ የያዝኩት።

አሁንም አልነግርህም። ያ ገበያ ላይ የሸጡልህ የመብራት ቾክ አለ አይደል? የቾካችን የአክስት ልጅ ነው። ሽፋኑን ፈልፍላችሁ ክፈቱት፤ ብረቱ እንዴት እንደተገጠመ እዩ። እኔ ብነግርህ ትሰማኛለህ፤ በዓይንህ ካየኸው ግን ያንተ ይሆናል።

ብረት ሰብሳቢውን አቆየው። እናትህን ምንም አትለምናት፣ አንድ ሳምንት ብቻ ጠይቃት።

ዘመድኩን


ሪያድ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017

ለተከበሩ ጋሼ ዘመድኩን፣

ክፍተት ነው! ክፍተት ነው ጋሼ!

እንደምን አሉ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰላምታዬ በየደብዳቤው እየከፋ ነው።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሱለይ ሄድኩ። ሙራድ የመብራቱን ቾክ ሽፋን በመሮ ፈለፈለው። ውስጡ ጥቁር ዝፍት አለ፤ ጠራረግነው። ማበጠሪያዎቹ ሁሉ በአንድ በኩል ናቸው፣ በትሮቹ ሁሉ በሌላ በኩል። አልተፈራረቁም፣ አልተናከሱም። በመካከላቸው ደግሞ ቡናማ የሆነች ስስ ወረቀት አለች። ብረቱ ከብረቱ ጋር አይነካካም! ርካሽ ስለሆነ አሳንሰው የሠሩት መስሎኝ ነበር መጀመሪያ። ከዚያ ያሉኝ ትዝ አለኝ። የምን መሃል!

ሙራድ ያቺን ወረቀት በጥፍሩ ይዞ እያገላበጠ አያት። ስንት ዓመት ሙሉ ብረት ሲያጣብቅ የኖረ ሰው ነው፣ ክፍተት ማለት ለሱ ጥፋት ነው። በመጨረሻ “ስሜን ቀይረው” አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ እንደ ዐረቦቹ “ያ መርፌ!” እያልኩ ነው የምጠራው። መዓሊሙም ሰምቶ መርፌ ብሎ ሲጠራው አቤት አለ።

የእኛን ነገ እንፈታዋለን። ግን ሁለት ጥያቄ አለኝ፣ ዛሬ አያስተኙኝም። ክፍተት ለምን ይጠቅመዋል? መጽሐፉ ላይ ቀመሩ አለ፣ ምክንያቱ የለም። ወረቀቷስ ምን ያህል ትወፍር?

እማ ሳምንቱን ሰጥታኛለች። “ለፈተናህ እንዲህ ብትሮጥ ኖሮ” አለችኝ ብቻ። ሰብሳቢውን እሷው ራሷ ደውላ ቆይ ብላዋለች። ይህን በዐረብኛ ስታወራ ነው የሰማኋት፣ እንዳልሰማ ሆኛለሁ።

ኢስሃቅ


ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017

ልጄ ኢስሃቅ፣

ደብዳቤህን ዓለምወርቅ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ሙራድ ጋ ስትደርስ ሳቋ ማንበቡን ከለከላት። ሰላምታ አጥፍተሃል ተብለህ አትጨነቅ። ደስታ የሚያስረሳው ሰላምታ ራሱ ሰላምታ ነው።

ለምን እንደሚጠቅመው ልንገርህ። ብረት ይጠግባል። በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድ ብረቱን ያጎርሰዋል፣ ያጎርሰዋል፣ ሳያቋርጥ። ብረት ከብረት ጋር ገጥሞ ከተዘጋ ወዲያው እስከ ጉሮሮው ይሞላል። ከጠገበ በኋላ ሽማግሌነቱ ያበቃል፤ ጥጃው እየዘለለ አጠገቡ ቢያልፍ ቀና ብሎ አያየውም። የሰማኸው ጉምጉምታ የጥጋብ ነው። ክፍተቷ ግን ትንሽ ረሃብ ትተውለታለች። ትንሽ የራበው ብረት ንቁ ነው።

ወረቀቷ የሻይ ቅጠል ካርቶን ታህል፣ ከዚያ አትብለጥ። ሁሉም ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የቀመሩን ቁጥር ሙሉውን ያደርጋል። ማግኔቱ በመካከለኛው ጥርስ ወጥቶ በጎንና በጎኑ ይመለሳል፣ ክፍተቷን ሁለት ጊዜ ይሻገራል። ስለዚህ ግማሹን ነው የምታደርገው። ክፍተት ካበዛህበት ደግሞ በረሃብ ይደክማል፣ ያው ያጓራል።

ስትሰኩት አንዱ እጅ ኪስ ውስጥ። ይህን ደግሜ ደጋግሜ ብጽፈው አይሰለቸኝም።

ዘመድኩን


ሪያድ፣ ግንቦት 23 ቀን 2017

ለተከበሩ ጋሼ ዘመድኩን፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? ዓለምወርቅስ እንዴት ናት? አቶ ሙራድ፣ ማለትም መርፌ፣ በጣም ሰላም ብሎዎታል። ዛሬ ሰላምታዬን በሥርዓቱ እጽፋለሁ ብዬ ከራሴ ጋር ተወራርጃለሁና አይቸኩሉብኝ። የሰፈሩ ሙቀት ብርቱ ነው። ፈተናዬ ሰኞ ይጀምራል። ከፊላችን ያስመታልን የመውጫ ወረቀትም ወጥቷል።

አሁን ልናገር።

ብረቱን ፈትተን፣ ማበጠሪያዎቹን ሁሉ በአንድ በኩል አደረግናቸው። ሙራድ እያደረገ ያማርራል፣ ጥርሱ የረገፈ ሰው ይመስላል ይላል። ቾኩን ይዘነው ቤት ገባን፤ የቀረን ካርቶኑ ብቻ ነበር። ዛሬ ጠዋት እማ ወጥ ቤት ስትሆን ስስ ካርቶን አለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ ለምን እንደሆነ አላልኩም፣ አልጠየቀችም። የሻይ ቅጠሉን ፓኬት ከመደርደሪያ አወረደች፤ ገና ግማሽ ነበር። ቅጠሉን ብርጭቆ ውስጥ ገለበጠችና ካርቶኑን በጥፍሯ ከፍታ፣ ጠርዙን ቀድዳ ሰጠችኝ። “ይበቃሃል?” አለች። በቃኝ።

ሙራድ አሠረው፣ አራቱን ብሎን አጠበቀ። ቀጥሎ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍልዎ፣ አለበለዚያ እሮጣለሁ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ሙራድም ከተተ። ሰካ። እማ በሩ ጋ ቆማ ነበር፣ እጇን አጣምራ፣ ልትሄድ እንዳለች ሰው። ቫልቮቹ ቀሉ። የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ መንዙማ ሳልከፍት፣ ባዶውን።

ምንም የለም።

ጋሼ፣ ምንም! ጆሮዬን ድምፅ ማውጫው ላይ ለጠፍኩት። ምንም። ውጭ የሚያልፍ መኪና እሰማለሁ፣ የጎረቤት ሕፃን እሰማለሁ፣ የሙራድን ትንፋሽ እሰማለሁ። ሙራድ አፉን በእጁ ያዘ።

እማ ከበሩ “አልሠራም ማለት ነው” አለች። በቀስታ ነው ያለችው፣ እኔን ላለማስከፋት።

“እየሠራ ነው እማ።”

“ምንም አልሰማም እኮ።”

“እሱ ነው ሥራው” አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

መንዙማዋን ከስልኳ ከፈትኩላት፤ ያንኑ ሁልጊዜ የምትሰማውን። ድምፁን እንዴት ብዬ ልጻፍልዎ? የመንዙማው አውራጅ ድምፅ አካል አለው፤ ደረት አለው። ከበሮው ሲመታ ቆዳው ይታወቃል። ተቀባዮቹ እስከዛሬ አንድ ላይ የተጨፈለቁ ድምፆች ነበሩ፤ ዛሬ ስንት እንደሆኑ ታውቋል፣ አንዱ ከኋላ ቆሞ ትንሽ ያዘገያል። እሱን ሰው ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እማ መጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ወደ ድምፅ ማውጫው አየች፣ በኋላ ወደ ብረቱ። እኔ አልነገርኳትም፣ እንዳሉኝ። እሷ ግን አንድ ቦታ ላይ፣ የሆነ ቃል ሲመጣ፣ “ትልቁን አሰማሻለሁ” አለች፣ ለራሷ፣ የሱን አነጋገር አስመስላ። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ሙራድ ውጭ ወጣ። እኔ ቁጭ አልኩ። እስኪያልቅ ድረስ አልተነቃነቅንም።

ሲያልቅ ያ ዝምታ ተመልሶ መጣ፣ ንጹሕ ሆኖ። እማ ፊቷን ጠረገች። ተነስታ ብረቱን ዞራ አየችው፣ ከፊትም ከኋላም፤ እንዲህ ቀርባ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። እንዳትነካው ብዬ ልጮህ ስል እሷም እጇን ከጀርባዋ አድርጋ ነበር። ከዚያ ወደ ጥግ ሄደች። ለጉዞ ያሰረችው ትልቁ ሻንጣ እዚያ ነው። ከፈተችው። ብርድ ልብሶቹን አወጣች፣ በጋዜጣ የጠቀለለቻቸውን ሳህኖች አንድ በአንድ አወጣች፣ ባዶውን ሻንጣ በዓይኗ ለካችው።

“ይኼ ነገር ስንት ኪሎ ይሆናል?” አለችኝ።

ጋሼ፣ ሚዛን ፍለጋ ከሙራድ ጋር ልወጣ ነውና እዚህ ላይ ላቁም።

አክባሪዎ ኢስሃቅ